መረጃው ከቁይ ተነሥቶ የት ይደርሳል?

የሕዝቡን ቍጥር፣ የበሽታውን ዓይነትና የእህሉን መጠን ሳያውቅ የሚያስተዳድር ሹም፣ ሚዛን ሳይዝ ገበያ እንደ ወጣ ነጋዴ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ መንግሥታት መረጃን በኮምፒውተር መረብ ለመሰብሰብ ይተጋሉ። በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር፣ መነሻው ከኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለ ፕሮግራም ከ2010 ዓ. ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎአል።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት ሰርቨር ነው። ብዙ ሰርቨሮች ተያይዘው እንደ አንድ ሲሠሩ ክላስተር፣ እያንዳንዱም አባል ኖድ ይባላል። አሠራሩ ደቦን ይመስላል፤ አንዱ ቢታመም አዝመራው ሜዳ ላይ አይቀርም። ከሦስት ኖዶች አንዱ ቢበላሽ፣ የቀሩት ሁለቱ አብላጫ ስለ ሆኑ ሥራውን ይቀጥላሉ።

ነገር ግን የማዕከሉ ብርታት ብቻውን አይበቃም። በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቁይን ለምሳሌ እንውሰድ። በሐምሌ 2015 ዓ. ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ መቶ ሰርቨር ቢደረደር፣ ከወረዳ ያልደረሰውን ሊመዘግብ አይችልም። ባዶ ሆኖ የቀረው ሠንጠረዥም «በሽታ የለም» ተብሎ የተነበበ እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

መፍትሔው በወረዳው የሚቆመውን ኖድ ማጠንከር ነው። ይኸውም አንደኛ፣ መስመር ሲቋረጥ መረጃውን በራሱ ዲስክ አስቀምጦ፣ መስመር ሲመለስ እንዲልክ፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ መለያ ቍጥር ኖሮት፣ ደግሞ ቢላክ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠር፤ ሦስተኛ፣ ማዕከሉ «ደርሶኛል» ሳይል ከዲስኩ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ለመብራት መጥፋት ባትሪ፣ ለብልሽት ደግሞ በሥፍራው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህም በቀር መረጃው ወደ ተነሣበት መመለስ አለበት። የላከው ቍጥር ምን እንደ ሠራ የማያይ ጸሐፊ፣ ውሎ አድሮ ቅጹን ለይስሙላ ይሞላል። የሰዎችንም ስም ያለ በቂ ምክንያት ማዘዋወር አይገባም፤ በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ይህን የሚመለከት ነው።

እንግዲህ ነገ የግዥ ሰነድ የምትፈርሙ ወጣት ባለሥልጣኖችና ተማሪዎች፣ ስንት ሰርቨር እንደሚገዛ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ መስመሩ ሲቋረጥ የቁይ መዝገብ የት እንደሚቆይ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሰነድ ለፊርማ አልደረሰም።