ሳይጠየቅ የተጠና ሕዝብ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ የጥናት ዘርፍ ገበያው ደርቷል፤ «ሚዲያና ፖለቲካዊ ማንነት» ይባላል። ወጣቱ መምህር ማስተርሱን በዚሁ ይሠራል፣ ዶክትሬቱን በዚሁ ይደግማል፣ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያሻግረውን ወረቀትም በዚሁ ላይ ያሳትማል። ርእሱማ አይናቅም። ሰው የሚያፋጅ ጉዳይ ነውና ቢጠና ደግ ነው። እኔ የምጣላው ከአጠናኑ ጋር ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አጥኚው ላፕቶፑን ይከፍታል። ከፌስቡክ ጥቂት ገጾች መርጦ የወራት ጽሑፍ ይሰበስባል፤ «እኛ» ስንት ጊዜ፣ «እነሱ» ስንት ጊዜ እንደተባለ ይቆጥራል፤ ስድቡን በየወገኑ በሠንጠረዥ ይደረድራል። እስከዚህ ድረስ ምንም አልልም። ጉዱ ያለው መደምደሚያው ላይ ነው። «ስለሆነም የእከሌ ብሔር ወጣት እንዲህ ያለ ማንነት ገንብቷል» ይለናል። ወጣቱ ደግሞ ከየት መጣ? ማን ጠየቀው? አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት በማያገኝበት አገር እኮ ነው የምንኖረው። የሚያገኘውስ ቢሆን ያነበበውን ሁሉ አመነ ያለው ማነው?

እቺን ሥራ ከድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ሒስ» እንላት ነበር። ጽሑፍ መተንተን የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን «ጽሑፉን ስለመረመርኩ አንባቢውን አወቅኩት» የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ ወረቀቱን እመልስለት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ጆሮውን ሰጥቶ አዳምጧል! መጽሐፉን መቶ ጊዜ ብታገላብጡት፣ ከዚያ ሁሉ አድማጭ ማን በፊታውራሪ መሸሻ እንደሳቀ፣ ማን ደግሞ እንዳዘነላቸው አይነግራችሁም። ሰውየውን መጠየቅ ነው።

ሙያው ራሱ የቆመው በመጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሩዝቬልትና ዊልኪ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ የምትባል አውራጃ ገቡ። 600 ያህል ሰዎች መርጠው፣ እነዚያኑ ሰዎች ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ እየተመላለሱ ጠየቁ። የምርጫ ቅስቀሳው መራጩን ሲገለባብጠው ያያሉ ተብሎ ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነው። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የተሻገረው ሰው ጥቂት ሆነ። ብዙው ቀድሞ የያዘውን የሚያጸናለትን ይሰማል፤ ከሬዲዮውና ከጋዜጣው ይልቅ ደግሞ እነሱን ተከታትሎ የሚያወራለት ጎረቤቱ ይበልጥበታል።

ይሄን ለእኛ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በአፋር ዳጉ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ሰሚውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ?» ብሎ ያጣራል። ለቅሶ ቤቱስ? ቡናውስ? ፌስቡክ ላይ የተጻፈው ነገር የሚታመነውም የሚናቀውም እዚያ ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ የተጻፈ ወረቀት ስንት አነበባችሁ? የትብብር ደብዳቤው እንደሚያንከራትት፣ አበሉ ለትራንስፖርት እንኳ እንደማይበቃ፣ መንገዱም ሰላም የማይሆንበት ጊዜ እንዳለ አላጣሁትም። አስቸጋሪ ነው። ያልጠየቁትን ሰው «ጠናነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ የደረጃ እድገት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሩዋንዳን አስቡ። አርቴኤልኤም የተባለው ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥርጭት ጀመረ (ከመሥራቾቹ አንዱ ፈርዲናንድ ናሂማና የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር እንደነበረ ልብ በሉልኝ)። በዓመቱ ያ ሁሉ እልቂት ሲመጣ ዓለም «ሬዲዮው ነው» ብሎ ደመደመ። ስኮት ስትራውስ የተባለ ተመራማሪ ግን እስር ቤት ለእስር ቤት ዞሮ በግድያው የተሳተፉ 210 እስረኞችን ጠየቀ። አብዛኞቹ ያነሡት ሬዲዮውን አልነበረም፤ ጦርነቱን፣ ፍርሃቱን፣ በራቸው ድረስ መጥቶ «ተነሥ» ያላቸውን የራሳቸውን ወገን ነው። ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት ደግሞ ሞገዱ የደረሰበትንና ኮረብታ የከለለውን መንደር አነጻጽሮ፣ ከጥፋቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ በሬዲዮው ምክንያት የመጣ ነው የሚል ግምት ላይ ደረሰ። ሬዲዮው ነፃ ነው ያለ የለም። ሁለቱም ግን አድማጩ ዘንድ ሄደው ነው የለኩት፤ አንዱ በጥያቄ፣ አንዱ በካርታ።

እኛ ዘንድስ? በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። ሰኔ ላይ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ተዘጋ፤ ግድያውና ቃጠሎው ግን ኢንተርኔቱ ከተዘጋም በኋላ ቀጠለ። ሰው የሚቃጠለው ከስልክ በሚወጣ እሳት ነው ብሎ ያመነ ባለሥልጣን ስልኩን ይዘጋል። ያን እምነቱን በእግሩ ተጉዞ የሚፈትሽለት ምሁር ነው የሚያስፈልገው። ሻሸመኔ ሄዶ ቤቱ የነደደበትንም ያነደደውንም «በዚያች ጠዋት ማን መጣ? ምን አለህ?» የሚል። የስድብ ሠንጠረዥ ይዞለት ከቀረበማ ስልክ የሚዘጋበትን ማስረጃ አቀበለው ማለት ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ እንዲህ ያስባል የተባለው ወጣት «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም» ለማለት እንኳ አይታደል።

አንድ ገበሬ ወይም አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ዜና እየሰሙ ሳለ ሬዲዮውን ጠርቅመው ሲዘጉ ምን ብለው እንደዘጉ፣ ከዚያስ ለጎረቤት ምን ብለው እንዳወሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ጽፎ ያስቀመጠ አጥኚ ካለ ይላክልኝ። ፎቶ ኮፒውን በራሴ ወጪ አባዝቼ አድላለሁ።