ለብቻው የቆመ ጋራዥና የኤሌክትሪክ ሣጥኑ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር የተነገረው ኤሌክትሪክ ከመታወቁ በፊት ቢሆንም፥ ለኤሌክትሪክ ሥራ እጅግ የተስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። እሳቱ ከተነሣ በኋላ የሽቦውን ጥፋት መፈለግ ለመርማሪው እንጂ ለባለቤቱ አይጠቅምምና።

በአሜሪካ አገር ከመኖሪያው ቤት ተለይቶ ለብቻው የቆመ ጋራዥ ያለው ቤት ብዙ ነው። ከወገኖቻችንም እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩ አሉ። ጋራዡም መኪና ማቆሚያ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እንፋሎቱ ከቤት እንዲርቅ ሲባል የእንጀራ ምጣድ ይገባበታል፥ ማቀዝቀዣም ይጨመርበታል። 1,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ120 ቮልት ሲሠራ 12.5 አምፔር ይስባል። እንግዲህ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ የማከፋፈያ ሣጥን በደንብ መሠራቷን ማረጋገጥ የቤተሰቡን ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ከዋናው ቤት ወደ ጋራዡ የሚሄደው መጋቢ ገመድ ዛሬ በሚሠራ አዲስ ሥራ አራት ሽቦዎች ሊኖሩት ይገባል። ሁለቱ ኃይል አምጪዎች ናቸው፤ በመካከላቸው 240 ቮልት ይገኛል። ሦስተኛው ኃይሉ ወደ መጣበት የሚመለስበት ሲሆን፥ ባለሙያዎች «ኒውትራል» ይሉታል፤ እኛ «መላሽ ሽቦ» እንለዋለን። አራተኛው «የመሬት ሽቦ» ነው። ይህ ሽቦ በደኅናው ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ ኃይል አምልጦ የብረት አካል የነካ እንደ ሆነ ግን ኃይሉን ወደ ምንጩ መልሶ ብሬከሩ ወዲያው እንዲዘጋ የሚያደርገው እርሱ ነው።

የምርመራው ዋና ነጥብ መላሹና የመሬቱ ሽቦ በጋራዡ ሣጥን ውስጥ አለመገናኘታቸውን ማየት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ኃይሉ ከውጭ ወደ ዋናው ቤት በሚገባበት ዋና ማጥፊያ ዘንድ ነው። በጋራዡ ግን መላሽ ሽቦዎች ከሣጥኑ ብረት በተለየ ማሰሪያ፥ የመሬት ሽቦዎች ከብረቱ ጋር በተያያዘ ሌላ ማሰሪያ ላይ ይታሰራሉ። መላሹን ከሣጥኑ ብረት ጋር የሚያገናኘው፥ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነው ብሎን መነሣት አለበት። ሳይነሣ ከቀረ የተመላሹ ኃይል ከፊሉ በመሬት ሽቦ ይሄዳል፤ መላሹ ቢበጠስ እንኳ መብራቱ እንደ በራ ስለሚቀጥል ጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም።

ነገር ግን ይህን ያነበበ ሰው ብሎን ለመንቀል አይቸኩል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ከዚህ ቀደም ለተለየ ሕንፃ ባለ ሦስት ሽቦ መጋቢ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው እትም ለአዲስ ሥራ ከለከለው፤ አሮጌው ግን በተወሰነ ሁኔታ እንዲቆይ ተወው። እንዲህ ባለው አሮጌ ሥራ የተለየ የመሬት ሽቦ ስለሌለ መላሹ ሁለቱንም አገልግሎት ይፈጽማል፤ ስለዚህም ከሣጥኑ ብረት ጋር መያያዝ አለበት። ብሎኑ ቢነቀል ያመለጠው ኃይል መመለሻ ያጣል፤ ብሬከሩም ሳይዘጋ የምጣዱ ብረት ኃይል እንደ ያዘ ይቆያል። አንዱን ሣጥን የሚያድነው እርምጃ ሌላውን ይገድላል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሽቦውን መቍጠር፥ ከዚያ በኋላ ስለ ብሎኑ መፍረድ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች «ከጋራዡ አጠገብ የመሬት ዘንግ ስለ ተተከለ ስጋት የለንም» ይላሉ። ደንቡ 2.4 ሜትር ያህል ወደ መሬት የሚገባውን ይህን ዘንግ ማዘዙ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ዘንጉ በዋናነት ለመብረቅና ከመንገዱ መስመር ለሚመጣ ከመጠን ያለፈ ቮልት የታሰበ ነው። የአፈሩ ተቃውሞ 25 ኦም ቢሆን፥ 120 ቮልት ለ25 ሲካፈል 4.8 አምፔር ብቻ ይሆናል። ይህ 15 አምፔር ብሬከርን አያዘጋም። ዘንጉ የመሬት ሽቦውን አይተካም።

ባለቤቱ ክዳኑን ሳይከፍት የሚያያቸው ነገሮችም አሉ። በሣጥኑ ፊት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ዕቃ አይደርደርበት። የእያንዳንዱ ብሬከር አገልግሎት ይጻፍበት። የተቃጠለ ሽታ፥ የጠቈረ ወይም የዛገ ነገር ካለ ሳይዘገዩ ባለሙያ መጥራት ነው። ሶኬቶቹ ጥቂት ኃይል ሲያመልጥ ራሱ የሚዘጋ መሣሪያ እንዳላቸው በመፈተኛው ቍልፍ ይሞከር፤ ይህ መሣሪያ 5 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያመልጥ የሚዘጋ ሲሆን፥ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ምጣድ ለሚያሰማ ሰው ትልቅ ጋሻ ነው።

ክዳኑን መክፈት ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው። የጋራዡ ማጥፊያ ቢጠፋም ከዋናው ቤት የመጡት ሁለቱ ሽቦዎች ኃይል እንደ ያዙ ናቸውና። ኃይሉ የሚቋረጠው ከዋናው ቤት ሲጠፋ ነው፤ ባለሙያውም ከጠፋ በኋላ እንኳ በመለኪያው ሳያረጋግጥ እጁን አያስገባም።