የእሳት እራት ወይስ የመብራታችን እራት?

በማስተማር ልምምድ ላይ ስለ ነፍሳት ዕድገት የማስተማር ተራ ሲደርሰን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ከመጽሐፍ የቀዳነውን የቢራቢሮ ሥዕል ሰሌዳ ላይ እንስላለን፤ «ዕንቁላል፣ ዕጭ፣ ሙሽሬ» እያልን ቀስት እናደርጋለን፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ደወሉ ይደወላል፤ በቃ። በዚያው ጠዋት ግን ከበረንዳው አምፖል ሥር የወደቁት ትልልቅ የእሳት እራቶች በመጥረጊያ እየተጠረጉ ይጣላሉ። ታዲያ ሕያው መሣሪያውን ጥለን ሥዕሉን አስተማርን ማለት አይደለም?

ስለ የትኛው የእሳት እራት እንደማወራ ግልጽ ላድርግ። እዚህ በከተማችን ምሥራቅ፣ ከቦሌ እስከ ገርጂና ኮተቤ፣ ማታ መብራት ላይ ከሚያርፉት መካከል ገላው ወፍራም፣ ክንፉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ኋላ የሾለ አለ። ፈረንጆች ስለ ፍጥነቱ በጭልፊት ስም ይጠሩታል። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዓይነት አለው። በአገራችን ከሚገኙት አንዱ ሆዱ ላይ ሮዝና ጥቁር ሽንትር አለበት፤ ክንፉ ሲዘረጋ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሌላው በጀርባው ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት አለው፤ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ማር ይጠጣል፤ ሲነኩት ይጮኻል። አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የሞት ምልክት ነው ተብሎ ተፈርቷል። ምስኪን ነፍሳት!

ስሙም ቢሆን ፍርደ ገምድል ነው። «የእሳት እራት» ስንል በገዛ ፍላጎቱ እሳት ውስጥ የሚገባ ሞኝ አድርገነዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ግን በፈጣን ካሜራ ተመልክቶ፣ ብዙዎቹ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን እንደሚያዞሩ አሳይቷል። ሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማይ ብሩህ ስለሆነ፣ ላይና ታቹን የሚለዩት በዚህ ነው። አምፖል ሲያገኙ ግን ሰማይ የቱ እንደሆነ ይጠፋቸዋል፤ ይዞራሉ፤ ይወድቃሉ። የሚገርመው፣ ከተፈተኑት መካከል አንድ የዚሁ የጭልፊት ወገን አልተረበሸም። ለምን? ይኸውላችሁ፣ ለተማሪ የሚሰጥ ጥሩ ጥያቄ!

«ቢሞት ምን ይጎድልብናል?» የሚል አይጠፋም። ከገላው የሚረዝም ምላስ ያለው ዓይነት አለ፤ እንዲህ ያለው አበባ ላይ ሳያርፍ፣ አየር ላይ ቆሞ ይቀስማል። ማታ የሚፈኩ ነጫጭና ረጃጅም አበቦች ዘር የሚያፈሩት በእንዲህ ዓይነቱ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ስምጥ ሸለቆ የፓፓያ ማሳ ላይ የተደረገ ጥናት ፓፓያውን በዋናነት የሚያዳቅሉት እነዚሁ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ሲባል ግን ጥፋት የለባቸውም ማለት አይደለም፤ ትላቸው የድንችና የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል። ይህንንም ማስተማር ነው እንጂ መደበቅ አያስፈልግም።

ዛሬ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በመብራት አሸብርቋል። መብራት አይኑር አልልም፤ እኛም የምናጠናው በመብራት ነው። ነገር ግን ጥናት ካበቃ በኋላ እስኪነጋ የሚበራው የበረንዳ አምፖል ለማን ነው?

ጓደኞቼ፣ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ድንች ግን አይጠፋም፤ ጅራቱ ላይ ቀንድ ያለው ትልም አይጠፋም። ቀንዱ አይናደፍም። ትሉን ከነቅጠሉ፣ ከሥሩ አፈር ባለበት ካርቶን ውስጥ ማኖር ነው። ቅጠሉን በየቀኑ መለወጥ፤ አፈር ውስጥ ሲገባ መተው፤ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ማታ መልቀቅ። ትሉ የተገኘው አስተናግር ላይ ከሆነ ግን ቅጠሉ መርዝ ስለሆነ ልጆች እንዳይነኩት መጠንቀቅ ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ጥናት ሲያበቃ የበረንዳው መብራት ይጥፋ። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ልምምድ ስለ ነፍሳት የሚያስተምር ሁሉ ከሥዕሉ ጋር አንድ ካርቶን ይዞ ይግባ። ወጪው ምንም ነው። የሚጠይቀው ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው።