«ችሎታ አለው፣ ግን ይሰንፋል»

የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሱቅ ስልከው ሦስት ዓይነት ዕቃ ገዝቶ መልሱን አንድ ብር ሳያጎድል ያመጣል። ማታ የነገርኩትን ተረት በማግስቱ ለእህቱ ሲነግራት እኔ የዘለልኩትን ሁሉ ይጨምርበታል። መጽሐፍ ሲሰጡት ግን «ቡና»ን «ቢና» ብሎ አንብቦ አንገቱን ይደፋል። የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ላይ መምህርቱ «ችሎታ አለው፣ ግን ይሰንፋል» ብላ ጻፈችበት።

አባቱ ካርዱን አይቶ እጁን ወደ ቀበቶው ሲሰድ መሐል ገባሁ። ለልጁ አዝኜ ብቻ አይደለም። አባቱም በዚያ ዕድሜው እንዲሁ ነበር። እኔ ቀን ጤና ጣቢያ የሰው ልጅ ሳክም ውዬ፣ ማታ የራሴን ልጅ «አንብብ!» እያልኩ እቆነጥጠው ነበር፤ አንድ ቀንማ በርበሬ አጥኜዋለሁ። ነርስ ሆኜ! የሚኒስትሪ ፈተና ሁለቴ ወድቆ ከስምንተኛ ክፍል ቀረ። ዛሬ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን የሚናገር መካኒክ ነው።

ለዚህኛው ከሰውነቱ ጀመርኩ። ዓይኑን አስመረመርኩ፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጣል እንጂ «አይታየኝም» አይልም። ጆሮውንም አሳየሁ። በሥራ ዘመኔ ጆሯቸው እየመገለ መስማት የቀነሰባቸው፣ «አይታዘዙም» ተብለው የሚገረፉ ስንት ሕፃናት አይቻለሁ! ለጥቂት ሴኮንድ ፈዝዞ የሚመለስ ልጅ ካላችሁም ሐኪም ይየው፤ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት እንዲህ ነው። የእኛው ግን ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆነ።

ሐኪሙ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከን፤ እሷም ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ነው አለችን። ከልጁ የማሰብ ችሎታ ጋር አይገናኝም። በቤተሰብ ይወርዳል (እዚህ ላይ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ)። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ በሚስማማው መንገድ ሲማር ግን ይሻሻላል። አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር፤ ብሩህ፣ ሒሳብ የሚችል፣ ማንበብ ግን ያቃተው። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ጎበዙ እሱ ይሆን እንደነበር ተናግረውለታል። የእኛን ፊደል ደግሞ አስቡት፤ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231። የ«ቡ» ጭረት መሐል ላይ፣ የ«ቢ» ከታች፤ ልዩነታቸው ይህችው ናት።

ቀደም ሲል አስጠኚ ቀጥረንለት ነበር። ክፍል ውስጥ ያልገባውን ያንኑ በዚያው መንገድ ደገመለት፤ ልጁ ጨዋታውን አጣ፣ እኛ ገንዘባችንን። አሁን በቀን 20 ደቂቃ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ፊደል ነው። ትሪ ላይ ዱቄት አነጥፍለታለሁ፤ ድምፁን ጮክ ብሎ እያወጣ በጣቱ ይጽፋል። ሲደክመው እናቆማለን። ሳይንሱን እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ በቃሉ ይመልሳል፤ መልሱን ብትሰሙት!

መምህርቷንም ሄጄ አነጋገርኳት። ክፍሏ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፤ አልፈረድኩባትም። ሳይዘጋጅ በልጆች ፊት እንዳታስነብበው፣ የፈተናውን ጥያቄ እንድታነብለት፣ ትንሽ ተጨማሪ ሰዓት እንድትሰጠው ለመንኳት። ሁለቱን እሺ አለች። «ስለ ሰዓቱ ግን ሲስተር፣ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ» አለችኝ። እስካሁን እየተመላለስኩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ትሪው ላይ ተደፍተን ሳለ ልጄ ከጋራዥ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ብዙ ቆይቶ «እማዬ፣ እኔ እነዚህን ሁለቱን እስከ ዛሬ ቃሉን ገምቼ ነው የማልፋቸው» አለኝ። ልጁ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።