ከእቅፉ ማግስት

የእኛ ፊልሞች አንድ አመል አላቸው፤ የተለያየ ቤተሰብ ሲገናኝ ያልቃሉ። ቦሌ፣ እቅፍ፣ ለቅሶ፣ ዋሽንት፣ ከዚያ የተዋንያን ስም ዝርዝር። ቴሌቪዥኑም ያው ነው። እናትና ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አዘጋጇ ሶፍት ታቀብላለች፣ ታዳሚው ያጨበጭባል፣ ማስታወቂያ ይገባል። እኔም ከሚያለቅሱት አንዱ ነኝ፤ አልዋሽም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ምን ተባባሉ የሚለውን ግን የሚያሳየን የለም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለምን ሲሳይ የሚባለው ገጣሚ ትዝ ይለኛል። እናቱ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄደው እ.ኤ.አ. በ1967 ወለዱት። ትምህርቴን እስክጨርስ ለጊዜው ይያዝልኝ ነበር ያሉት። ጉዳዩን የያዘው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ግን ሕፃኑን በራሱ ስም ኖርማን ብሎ ለአንድ ነጭ ቤተሰብ ሰጠው። ቤተሰቡም 12 ዓመት ሲሆነው መልሶ ለመንግሥት አስረከበው። ከማሳደጊያ ሊወጣ ሲል ሁለት ወረቀት እጁ ገባ፦ እውነተኛ ስሙ ያለበት የልደት ምስክር ወረቀትና እናቱ በ1968 ልጄን መልሱልኝ ብለው የጻፉት ደብዳቤ።

በ21 ዓመቱ እናቱን ጋምቢያ አገኛቸው። የእኛ ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን የቀረውን ዘመድ አዝማድ ሲያፈላልግ ዓመታት ፈጀ፤ በ2012 መድረክ ላይ ቆሞም አሁን እንደማንኛውም ሰው የተናቆረ ቤተሰብ አለኝ ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ውስጥ ያለውን እውነት የሠርግና የለቅሶ ቤታችን ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ በ2017 ለንደን፣ ሮያል ኮርት ቲያትር ያደረገው ነው። ባሳደገው የከተማ ምክር ቤት ላይ ክስ መሥርቶ ስለነበር፣ የደረሰበትን ጉዳት አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ መርምሮ ሪፖርት ጽፏል። ሲሳይ ሪፖርቱን ቀድሞ አላነበበውም። አንዲት ተዋናይት መድረክ ላይ ጮክ ብላ ስታነብለት፣ እሱም ታዳሚውም እኩል ሰሙት።

እኛ ዘንድ ይህ ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ እናት ልጇን ለሰው ሰጠች ሲባል ሐሜቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሲሳይ ይህን ያለፈበት መንገድ ብልሃት አለው። በ2019 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለዓመታት ጠይቆ በተቀበላቸው የመንግሥት ፋይሎች ላይ የቆመ ነው። የፋይሎቹን ደብዳቤና ሪፖርት እንዳለ ያቀርብና የራሱን ትዝታ ከጎኑ ያኖራል። በአብዛኛው የተጋለጠው የመዝገብ ቤቱ ገመና ነው።

እኛ ጋ ያልተጻፈ ስንት አለ። ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች እናት፣ ልጇ አያቱን "እማዬ" እሷን በስሟ ሲጠራት፤ በውርስ ቤት ተኳርፈው በአንድ ግቢ በሁለት በር የሚገቡ ወንድማማቾች። ይህን የምትጽፉ፣ የምትስሉ፣ የምትቀርጹ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሥራው አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ለባለጉዳዮቹ አሳዩአቸው። ፈቃድ ጠይቁ አላልኩም፤ ከጎረቤት አፍ ግን አይስሙት።