ትንሿ ሽጉጥ ኳስ ቤት ምን ትሠራለች?

ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በባኮ የዲኤስቲቪ ቤቶች ወንበር አይበቃቸውም። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ የተገናኙ ዕለትማ በሩ ላይ ቆሞ የሚያይም ይበዛል። ከጉቶ ጊዳ ቀበሌዎች ቡናውን ሸጦ የመጣው ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የባጃጁ ሾፌር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሲከለክል ቤቱ ይናወጣል፤ ይሰዳደባሉ፣ ይፎካከራሉ፣ በመጨረሻም የተሸነፈው ሻይ ከፍሎ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዱ ጃኬቱ ሥር ሽጉጥ ሻጥ አድርጎ የገባ እንደሆነ ነው።

በዚህ አገር መሣሪያ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወግም ነው። ምንሽርና ለበን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርሱ ኖረዋል። ዘመናዊው ባለሀብት ደግሞ አንድ ትልቅ ሽጉጥ ፈቃድ አውጥቶ ከያዘ በኋላ ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል። «ትልቁ ለቤት፣ ትንሿ ለኪስ» ይላል። ትልቁ ከብዷል፣ ከሸሚዝ ሥር ጎልቶ ይታያል፣ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ወገብ ይቆረቁራል። ስለዚህ ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ አጭር፣ ቀላል፣ የማትታይ ሪቮልቨር።

ለእውነት ለመናገር የዚህ ምርጫ ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን አይከራከሩም። ኮልት የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 አፈሙዟ ሁለት ኢንች ብቻ የሆነች ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ያወጣው ለዚሁ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በ1950 ይበልጥ ያነሰች አምስት ጎራሽ ይዞ ብቅ አለ። ባለቤቱ ትልቅ ባለ .357 ማግነም ሪቮልቨር ካለው፣ ትንሿ የምትጎርሰውን .38 ስፔሻል ጥይት ትልቁም ይተኩሰዋል (የትንሿ ግን የማግነሙን አትቀበልም)። አያያዙና አከፋፈቱም ተመሳሳይ በመሆኑ እጅ የለመደውን አያጣም። ካዝና የላትም፤ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ይበቃል። በእግር ኳስ ቋንቋ ሲነገር፣ ዋናው ግብ ጠባቂ ቢጎዳ ተጠባባቂው ይገባል እንደማለት ነው።

ይሁንና ተጠባባቂ የሚባለው ሲለማመድ የከረመ ነው። አፈሙዝ ባጠረ ቁጥር ማነጣጠር ይከብዳል። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ እጅን አጥብቆ ይራገጣል። ምላጩም ረጅምና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ትንሿ ሪቮልቨር ለጀማሪ ቀላል ትመስላለች እንጂ በትክክል ለመምታት ከትልቁ የበለጠ ልምምድ ትጠይቃለች። በኪሱ ይዟት የሚዞረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ዒላማ ላይ አልተኮሰባትም። ሜዳ ገብቶ የማያውቅ ተጠባባቂ በፍጻሜ ጨዋታ እንደማስገባት ያለ ነገር ነው። ያውም እሷ የምትስተው ጥይት ወደ ውጭ የሚወጣ ኳስ አይደለም፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጋ ነው የሚያርፈው።

ይህም ሆኖ ዋናው ነገር ጥይቱና አፈሙዙ አይደለም። ዋናው ነገር ትንሿ የት ትሄዳለች የሚለው ነው። ትልቁ መሣሪያ ከባድ ስለሆነ ቤት ይቀራል። ትንሿ ግን ቀላል ስለሆነች ሰርግ ትሄዳለች፣ ጠጅ ቤት ትገባለች፣ ስታዲየም ትሰለፋለች፣ ዲኤስቲቪ ቤት ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ሁለተኛ ሽጉጥ የመረጠ ሰው መሣሪያ ብቻ አልመረጠም። እስከዚያ ቀን ሽጉጥ ያልነበረባቸውን ቦታዎች ሁሉ ሽጉጥ እንዲኖርባቸው ነው የመረጠው።

የስፖርቱ ዓለም ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝቶታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2018 በግሪክ ፓኦክ ከኤኢኬ አቴንስ ሲጫወት ያለ ግብ እስከ መጨረሻው ደረሱ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፓኦክ ያገባው ግብ ተሻረ። የክለቡ ባለቤት ኢቫን ሳቪዲስ ጠባቂዎቹን አስከትሎ ሜዳ ገባ፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ነበር። አልመዘዘውም፣ አልተኮሰም። መታየቱ ግን በቂ ሆነ። የግሪክ መንግሥት ሊጉን አቋረጠ፤ ሳቪዲስ ለሦስት ዓመት ከስታዲየም ታገደ፤ ፓኦክም ነጥብ ተቀነሰበት። በዚያ ዓመት ዋንጫውን ያነሳው ኤኢኬ ነው። እንግዲህ ያቺ ሽጉጥ ለፓኦክ ምን ሠራችለት? ምንም።

ሳቪዲስ ሳይተኮስ ያለፈ ዕድለኛ ነው። የኮሎምቢያው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር ግን ያን ዕድል አላገኘም። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ ኳስ በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረ። አገሩ በተመለሰ በቀናት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1994 ንጋት ላይ፣ ሜዴሊን ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሰዎች ጋር ተጨቃጨቀ። እዚያው በሽጉጥ ተገደለ፤ ዕድሜው 27 ነበር። ጭቅጭቁ በየትኛውም ከተማ በየሳምንቱ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው አንዱ ሰው ሽጉጥ ይዞ መዝናኛ ቤት መምጣቱ ነው።

«እኔ እኮ ራሴን ለመጠበቅ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ኦስካር ፒስቶሪየስን ያስታውስ። በለንደን 2012 ኦሊምፒክ በሰው ሠራሽ እግሮች 400 ሜትር ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው ደቡብ አፍሪካዊ ሌባ ይገባብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ነበር። ፈቃድ ያለው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነበረው። ይሄ አልበቃውም፤ ትልቁን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 500 ሪቮልቨር ጨምሮ ለተጨማሪ መሣሪያዎች ፈቃድ ለማውጣት እየተጠባበቀ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2013 ሌሊት በተዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ አራት ጊዜ ተኮሰ። ከበሩ ጀርባ የነበረችው ፍቅረኛው ሪቫ ስቲንካምፕ ሞተች። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ አለው፤ በ2017 ቅጣቱ ከ13 ዓመት በላይ ሆነ፤ በአመክሮ የወጣው በጥር 2024 ነው። ፍርሃት መሣሪያ ሲጨመርለት አይቀንስም፤ እንዲያውም አንዱ መሣሪያ ሌላውን ይጠራል።

እዚህ ላይ የወለጋ ሰው «ለእናንተ ማውራት ቀላል ነው» ቢል እውነት አለው። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ስጋቱ የምናብ አይደለም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። መንገድ ተዘግቶ፣ ገበያ ቆሞ፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ታይቷል። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚኖር ሰው መሣሪያ ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን በቡድን ለታጠቀ ጠመንጃ አንሺ አምስት ጥይት የያዘች የኪስ ሪቮልቨር መልስ አትሆንም። የምታሰጋው ጫካ ያለውን ሳይሆን ወንበር የተጋራውን ሰው ነው፤ ጎረቤትን፣ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊን፣ ጓደኛን።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ለትልቁ የወጣች ወረቀት ለትንሿ አትሠራም። ከአሶሳ መስመር በኮንትሮባንድ ገባች የተባለችውን ሽጉጥ በርካሽ ገዝቶ «ለትልቁ ፈቃድ አለኝ» ማለት በፖሊስ ፊት አያዋጣም። ፊፋም ቢሆን በስታዲየም ደህንነት ደንቡ የሜዳ ጠርዝ ላይ የሚቆሙ ጥበቃዎች እንኳ የጦር መሣሪያ እንዳይዙ ይላል። ጥበቃው ያልያዘውን ደጋፊው የሚይዝበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ሥራው የሁሉም ነው። ነቀምቴ ከተማን ለማበረታታት ስታዲየም የሚገባ ደጋፊ ሲፈተሽ ሊቆጣ አይገባም። የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤትም ደንበኛ ይቀርብኛል ብሎ ዓይኑን መጨፈን የለበትም። በር ላይ የቆመው ልጅ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍተሻ ነው፤ ያቺን ነገር ቤት አድርሰዋት ይምጡ» ቢል ነውር አይደለም። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ቀድመው ኪሳቸውን ቢያሳዩ ደግሞ ወጣቱ አያፍርም። ባለሀብቱም ገንዘቡ ከተረፈው፣ የአንዲት ሪቮልቨር ዋጋ ለአንድ የሰፈር ቡድን ብዙ ኳስና ማሊያ ይገዛል።

ኢትዮጵያውያን በስፖርት የሚወዱት አንድ የሽጉጥ ድምፅ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴን በአትላንታና በሲድኒ፣ ቀነኒሳ በቀለን በአቴንስና በቤጂንግ ለወርቅ ያስነሳቸው የማስጀመሪያው ተኩስ ነው። በመም ላይ ታዲያ ከዋናው አስጀማሪ ሌላ ሁለተኛ ሽጉጥ የሚይዝ ረዳት ዳኛም ይቆማል። የእሱ ተኩስ ማንንም ወደፊት አያስሮጥም። አንድ ሯጭ ያለ ጊዜው ሲወጣ ይተኩስና ሁሉንም «ተመለሱ!» ይላል። ሁለተኛ ሽጉጥ የሚያምረው ሰው ካለ፣ ከነቀምቴም ይሁን ከአዲስ አበባ፣ የሚጠቅመው ይህኛውን ድምፅ መስማት ነው። ትንሿን ሳይገዛ ከደጅ ይመለስ፤ ኳሱንም በባዶ ወገቡ መጥቶ ይይ።