ማዕረግ ከማን? ለማንስ?

የምረቃው ቀን በተቃረበ ቁጥር በግቢያችን ስለ ማዕረግ የሚነሣው ጨዋታ ይበዛል። ማዕረግን እኛም አንንቅም፤ የደከመ ሰው ሊከበር ይገባዋል። ነገር ግን ማዕረጉን የሚሰጠው ማን ነው? ባለማዕረጉስ ተጠያቂነቱ ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ለማንሣት በ1944 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ማዕረግ ያገኙትን ሁለት ሰዎች ለምሳሌ እንወስዳለን። አንዱ የለንደን፥ ሁለተኛው የአውሳ ሰው ናቸው።

ሰር ሳሙኤል ሆር በ1935 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ቆመው፥ አገራቸው ግፍን በኅብረት ከሚመክቱት ጋር እንደምትሰለፍ ተናገሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ከፈረንሣዩ ከፒየር ላቫል ጋር በፓሪስ ተስማሙ። ስምምነታቸው ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ተቆርሶ ለሙሶሊኒ እንዲሰጥ፥ ለኢትዮጵያም በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የምትወጣበት ጠባብ መሬት እንዲተውላት የሚል ነበር። በዚያ ወረቀት አውሳ በስሟ ተጠቅሳለች፤ ከአውሳ የተጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ያን ጠባብ መሬት «የግመሎች መተላለፊያ» ብሎ ተሣለቀበት። ለለንደን አንባቢ ቀልድ ነው፤ በአፋር ምድር ግን ግመሉም እውነት ነው፥ መንገዱም እውነት ነው።

ምሥጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም በዲሴምበር 18 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች በወሩ፥ በጁን 1936፥ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ። በ1937 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፥ በ1940 በማድሪድ አምባሳደር ሆኑ፤ በ1944 ደግሞ ቫይካውንት ቴምፕልዉድ ተብለው ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ገቡ። ፍርድ እንዳናጓድል፥ በ1938 ከናዚዎች የሸሹ የአይሁድ ልጆች ወደ እንግሊዝ እንዲገቡ በር ከከፈቱት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ሎርድ ከሆኑም በኋላ የሞት ቅጣት እንዲቀር ተከራክረዋል። ስለዚህ ክፉ ሰው ነበሩ አንልም። የምንለው፥ ማዕረጉን የሰጧቸው በዚያ ወረቀት ያልተጎዱት ናቸው፤ የተጎዳው ሕዝብ በሹመቱ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

በዚያው በ1944 አሊሚራህ ሐንፈሬ የአውሳ ሱልጣን ሆኑ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የቢትወደድነትን ማዕረግ ሰጧቸው። እንግዲህ አንዱ ማዕረግ ከአገራቸው፥ ሌላው ከቤተ መንግሥት መጣ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመተሐራ የሆላንዶች ሸንኮራ፥ በተንዳሆና በዱብቲ የእንግሊዙ የሚቸል ኮትስ ጥጥ ተስፋፋ። ሱልጣኑም ራሳቸው በአውሳ ጥጥ አስለምተዋል፤ ይህንም መደበቅ አይገባንም። አርብቶ አደሩ በበጋ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ሣር ግን እያነሰ ሄደ። የ1973 ድርቅ ሲመጣ ከብቱን ይዞ ወዴት ይውረድ?

በ1965 ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። እንኮራባቸዋለን። ይሁን እንጂ የማያርሰውስ? የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ለዘላኑ በግጦሽ መሬቱ የመጠቀም መብት በወረቀት ሰጠው፤ የወንዝ ዳሩ እርሻ ግን ከኩባንያ ወደ መንግሥት እጅ ተዛወረ እንጂ ወደ ግጦሽ አልተመለሰም። ሱልጣኑ ተቃወሙ፤ በጁን 1975 ውጊያ ሆነ፤ እሳቸውም ወደ ጂቡቲ፥ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ ቢትወደድነቱ አብሮ አለፈ። ከ16 ዓመት ስደት በኋላ በ1991 ሲመለሱ ግን ሱልጣን ነበሩ፤ በ2011 እስኪሞቱም ሱልጣን ተብለዋል። በትውልድ የሚወረስ ሥልጣን ይሻላል ማለታችን አይደለም፤ እረኛውና እናቲቱ እዚያም ቢሆን ድምፅ አልሰጡም። ይሁን እንጂ የቆየው ማዕረግ ሕዝቡ የጠበቀው ነው።

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «ዲግሪ በልፋት የተገኘ ነው፤ ከሹመት ጋር አይወዳደርም» ይሉናል። እውነት ነው፥ ለፍተናል። ነገር ግን ነገ ማዕረጋችን ከካርታ ፊት ያስቀምጠናል። ቦይ እዚህ፥ እርሻ እዚያ፥ መንገድ በዚህ ብለን እናሰምራለን። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ የሚጓዝ ሁሉ በመስኮቱ የሚያየው ባለ ግመል በዚያ ካርታ ላይ አይታይም። የሆርም ወረቀት የተጻፈው እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ ያ በፓሪስ፥ የእኛው በሰመራ መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የአዋሽን ውሃና መሬት የሚነካ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ወደ መደርደሪያ ከመግባቱ በፊት፥ ፍሬ ነገሩ በአፋርኛ ተተርጉሞ፥ ነገሩ በሚነካው ቀበሌ ሕዝብ ፊት ይነበብ። ወንዱም ሴቱም ይስማ፥ ይጠይቅ፥ ይንቀፍ። ተመራቂው የሰማውን ነቀፌታ በጽሑፉ መጨረሻ ያስገባ። ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትሕትና ነው።

ጋውኑን ዩኒቨርሲቲው ያለብሰናል። መከበራችንን ግን ከወንዙ ዳር ያለው ሰው ይወስን።